የተማሪ ኢ-ፖርትፎሊዮ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ እንዴት ይጀመር? ሶፍትዌሩን ለጊዜው ተዉት

ከተመረቀ ዓመት ያለፈው ልጅ ቢሮዬ መጣ። ሲቪል ምህንድስና ነው የጨረሰው። ለስራ ቃለ መጠይቅ ተጠርቶ «እስቲ የሰራኸውን አሳየን» ብለውታል። የኢንተርንሺፕ ሪፖርቱ ፍላሽ ላይ ነበር፤ ፍላሹን ኮፒ ቤት ውስጥ ቫይረስ በልቶታል። ሲኒየር ፕሮጀክቱ ተጠርዞ የዲፓርትመንቱ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፣ ግን ለአምስት የሰሩት ስለሆነ የትኛው ክፍል የእሱ እንደሆነ የሚናገር አንድ ገጽ የለውም። በእጁ የቀረው ትራንስክሪፕት ብቻ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ተምሮ፣ ሌሊት ሲስል አድሮ፣ ሳይት ላይ ጸሐይ ሲመታው ከርሞ፣ የሚያሳየው ነገር አጣ።

ኢ-ፖርትፎሊዮ የሚያስፈልገው ለዚህ ልጅ ነው። ነገሩ ቀላል ነው። ተማሪው የሰራውን ስራ፣ ስለ ስራው ራሱ የጻፈውን፣ መምህሩ የሰጠውን አስተያየት አንድ ላይ አድርጎ በኢንተርኔት ያስቀምጣል። ማን ምን እንደሚያይ የሚወስነውም እሱ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ፖርትፎሊዮ አይባልም። ስራው ብቻውን ካለ የፋይል ማከማቻ ነው፤ ጽሑፉ ብቻውን ካለ ደግሞ የማመልከቻ ደብዳቤ ይመስላል።

ይህን የምጽፈው «በዩኒቨርሲቲያችን ኢ-ፖርትፎሊዮ ይጀመር» ተብሎ ስራው ለተጣለባችሁ ሰዎች ነው። ዲን ልትሆኑ ትችላላችሁ፣ የጥራት ማረጋገጫ ባለሙያ፣ ወይም ኮምፒውተር ስለምትችሉ ብቻ ኮሚቴ ውስጥ የገባችሁ መምህር። ያየሁትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንተማመን። ፖርትፎሊዮ ለእኛ ሀገር አዲስ አይደለም። ኤች.ዲ.ፒ. (ሃየር ዲፕሎማ ፕሮግራም) የሚባለውን የመምህራን ስልጠና የወሰደ ሁሉ ፖርትፎሊዮ አዘጋጅቷል። የአንደኛና ሁለተኛ ደረጃ መምህራንም የሲፒዲ፣ ማለትም የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ፣ ፎልደር አላቸው። ፎልደሩ ብዙ ቦታ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሱፐርቪዥን ሊመጣ ነው ሲባል በአንድ ሳምንት ይሞላል። የጓደኛ ፎልደር ተውሶ ቀኑን ቀይሮ መገልበጥ አለ። ሱፐርቫይዘሩ ገጹን ቆጥሮ፣ ማህተሙን አይቶ ይሄዳል። መምህራኑ ሰነፍ ስለሆኑ አይደለም። የጻፉትን ማንም እንደማያነበው ስለሚያውቁ ነው። ያንኑ ፎልደር ኮምፒውተር ላይ ብታወጡት ያው ፎልደር ነው።

ስለዚህ ኮሚቴው ሲሰበሰብ የመጀመሪያው ጥያቄ «የትኛውን ሶፍትዌር እንግዛ» መሆን የለበትም። «ማን ያነበዋል? መቼ?» የሚለው ይቅደም።

ማን ያነበዋል?

ወረቀት አውጡና እናስላ። አንድ መምህር አንድ ሴክሽን ይዟል፣ 60 ተማሪ። የአንዱን ተማሪ ገጽ አይቶ ረብ ያለው አስተያየት ለመጻፍ 15 ደቂቃ ይፈጅበታል እንበል። 15 ሰዓት ማለት ነው። በሴሚስተር ሁለት ጊዜ ካየ 30 ሰዓት። ሁለት ሴክሽን ከያዘ 60 ሰዓት። ይህ ሎድ ላይ፣ ማለትም በመደበኛ የስራ ሰዓቱ ውስጥ፣ ካልተያዘለት አያነበውም። ቢያነበውም አንድ ሴሚስተር ነው፣ በሁለተኛው «ጥሩ ነው፣ በርታ» ብሎ ለሁሉም ይለጥፋል። ተማሪው ደግሞ ይህን ወዲያው ያውቃል። ከጓደኛው ጋር ሲያስተያይ ያው ዓረፍተ ነገር ነው።

መፍትሔው ሁለት ነው፣ ሁለቱም አብረው መሄድ አለባቸው። አንደኛ፣ የንባቡ ሰዓት በሎድ እንዲቆጠር ከትምህርት ክፍሉ እስከ ሴኔቱ ድረስ በጽሑፍ አስወስኑ። ቃል በቂ አይደለም። ዲኑ ሲቀየር ቃሉ አብሮት ይሄዳል። ሁለተኛ፣ የሚነበበውን አሳንሱ። ተማሪው በሴሚስተር አስር ስራ ይጫን የሚል መመሪያ አይቻለሁ፣ ይህ ማንንም አይጠቅምም። ሁለት ስራ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ገጽ ያልሞላ ጽሑፍ፣ ከመምህሩ ሦስት አራት መስመር። በመሀል ተማሪዎቹ በሦስት በሦስት ተቧድነው የእርስ በርስ አስተያየት ይስጣጡ። ያኔ 15 ደቂቃው ወደ 7 ወይም 8 ይወርዳል፣ ሸክሙም የሚቻል ይሆናል።

አመራሩን ለማሳመን አንድ ነገር ይጠቅማችኋል። የአሜሪካ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ማህበር እ.ኤ.አ. በ2016 ኢ-ፖርትፎሊዮን ተማሪ ላይ ከፍተኛ ለውጥ ያመጣሉ ከሚላቸው አሰራሮች መካከል አስገብቶታል፣ 11ኛ አድርጎ። ፕሮፖዛሉ ላይ ጻፉት። ግን ማህበሩ ያለው በአግባቡ ሲሰራ ነው፣ ይህንንም አብራችሁ ጻፉ።

ከየት እንጀምር?

በአንድ ጊዜ በሁሉም ኮሌጅ አትጀምሩ። እባካችሁ።

ቀድሞ በሰራሁበት ዩኒቨርሲቲ እንደዚያ ተደርጎ ነበር። በአንድ ሳምንት ለሁሉም ተማሪ አካውንት ተከፈተ። መምህራን ትልቁ አዳራሽ ተሰብስበው የግማሽ ቀን ስልጠና ወሰዱ፣ በመሀል መብራት ሄዶ የስልጠናው ግማሽ በቃል ተነገረ። ከዚያ «ሁሉም ተማሪ እስከ ሰኔ 15 ይጫን» የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። ሰኔ 14 ማታ ሁሉም አንድ ላይ ገባ፣ ሰርቨሩም ቆመ። እኔ ያን ሌሊት ኮምፒውተር ላብ ውስጥ ነበርኩ። አንዲት ተማሪ ዘጠኝ ጊዜ ሞክራ ዘጠኝ ጊዜ 90 ፐርሰንት ላይ ሲቋረጥባት አጠገቧ ቆሜ አይቻለሁ። በአስረኛው ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። የሚቀጥለው ሴሚስተር ላይ ማንም ተመልሶ አልገባበትም። ኢ-ፖርትፎሊዮ የሚለውን ስም ከዚያ በኋላ ማንሳት ራሱ ከባድ ነበር።

ጀምሩ የምላችሁ ፖርትፎሊዮ በሌላ ስም ቀድሞ ካለበት ነው። አርክቴክቸር ተማሪ ያለ ፖርትፎሊዮ አይታሰብም፣ ስዕሉን በትልቅ ፎልደር ተሸክሞ የሚዞር እሱ ነው። ህክምና ላይ ተማሪው የሰራውን የሚመዘግብበት ሎግቡክ አለ። መምህርነት የሚማሩት ፕራክቲከም፣ ማለትም ትምህርት ቤት ሄደው ልምምድ፣ ይወጣሉ፣ ሪፖርትም ይጽፋሉ። ምህንድስና ላይ ኢንተርንሺፕ አለ። እነዚህ ጋ «ለምን?» የሚል ጥያቄ አይነሳም። የሚነሳው «ካለው ወረቀት ላይ ሌላ ስራ ልትጨምሩብን ነው?» የሚል ነው፣ ፍትሐዊ ጥያቄም ነው። መልሱም «አይ፣ ወረቀቱን እናስቀራለን» መሆን አለበት። ሃርድ ኮፒውንም ሶፍት ኮፒውንም አምጡ ካላችሁ ሰው ይጠላችኋል።

ሁለት ትምህርት ክፍል ምረጡ፣ ፈቃደኛ መምህራን ያሉባቸውን። ሁለት ሴሚስተር ስጧቸው። በመጨረሻው ሴሚስተር አትጀምሩ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ተመራቂ ተማሪ ሀሳቡ ሁሉ የመውጫ ፈተናው ላይ ነው፣ ሌላ ነገር አይሰማችሁም። ፍሬሽማን ላይ መጀመርም ያጓጓል፣ ግን ገና ዲፓርትመንት ያልገባ ተማሪ የሚያሳየው ስራ ብዙም የለውም። ሦስተኛ ዓመት ጥሩ ነው።

የመጀመሪያው አሳይንመንት

ብዙው ነገር የሚበላሸው እዚህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ለተማሪ «ሪፍሌክሽን ጻፍ»፣ ማለትም ስለ ሰራኸው መለስ ብለህ አስበህ ጻፍ፣ ስትሉት የሚጽፈው ይታወቃል። «ከዚህ ኢንተርንሺፕ ብዙ እውቀትና ልምድ ቀስሜያለሁ። ሱፐርቫይዘሬን ከልብ አመሰግናለሁ።» ይህ ምስጋና ነው። ተማሪው ጥፋት የለበትም። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ስለ ስህተቱ እንዲጽፍ የጠየቀው ሰው የለም፣ ስህተት የሚያውቀው በቀይ እስክሪብቶ ነው።

ስለዚህ ሦስት ጥያቄ ስጡት። ምን ሆነ? ታዲያ ምን ይሁን? ቀጥሎስ ምን አደርጋለሁ? ጥያቄዎቹ የቆዩ ናቸው፣ ቴሪ ቦርተን የሚባል አሜሪካዊ መምህር እ.ኤ.አ. በ1970 ያወጣቸው ናቸው፤ እስከ ዛሬ ነርሶችና መምህራን ይሰለጥኑባቸዋል። የሚሰሩት ቀላል ስለሆኑ ነው።

በእነዚህ ጥያቄዎች የተጻፈ ጽሑፍ እንዲህ ይመስላል፦ «ስላምፕ (የኮንክሪቱን ቅጥነት) ስንለካ 18 ሴንቲ ሜትር ወጣ። የሚፈለገው ከ10 ያልበለጠ ነበር። ሚክሰሩ ላይ የነበረው ሰውዬ ውሃ ሲጨምር አይቼዋለሁ። በእድሜ አባቴን ስለሚያህል ዝም አልኩ። ኮንክሪቱ ተመለሰ፣ ግማሽ ቀን ባከነ። የውሃና የሲሚንቶ ጥምርታ ክፍል ውስጥ ተምሬዋለሁ፣ ፈተና ላይም አግኝቼዋለሁ። የጎደለኝ ትልቅ ሰውን ሳላስቀይም መናገር ነው። በሚቀጥለው ወር ፎርማኑን አስቀድሜ አናግራለሁ።»

ይህን ቀጣሪ ቢያነብ ይቀጥረዋል። መምህር ቢያነብም ክፍል ውስጥ ምን መጨመር እንዳለበት ያውቃል። ፖርትፎሊዮ ለተማሪ ብቻ ሳይሆን ለትምህርት ክፍሉም መስታወት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። አንድ መደብ ሙሉ ተማሪ ሳይት ላይ መናገር አቃተን ካለ፣ ችግሩ የተማሪው ብቻ አይደለም።

እንዲህ አይነት ሁለት ሦስት ምሳሌ አዘጋጁና ጥሩውንም መጥፎውንም ጎን ለጎን አሳዩ። ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ፣ ስሙን አውጥታችሁ።

ቋንቋውስ? በእኔ እምነት ሪፍሌክሽኑን በሚያስብበት ቋንቋ ይጻፍ። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ መምህሩ እስከገባው ድረስ። ስለ ስህተቱ በእንግሊዝኛ ጻፍ ስትሉት የሚያስጨንቀው ሰዋስው ይሆናል፣ እውነቱ ያመልጣል። ለቀጣሪ የሚከፍተውን ገጽ በኋላ በእንግሊዝኛ ያሰናዳዋል። መጻፍ የሚከብደው ካለም በድምጽ ይቅዳ፣ ቴሌግራም ላይ ቀኑን ሙሉ ድምጽ የሚልክ ትውልድ ነው።

ነጥቡን ከተከታታይ ምዘናው ውስጥ አድርጉት፣ 10 ወይም 15። ያለ ነጥብ ማንም አይሰራም፣ 40 ካደረጋችሁት ደግሞ ለነጥብ ብሎ ይዋሻል። የፋይል ብዛት አትቁጠሩ። ሦስቱን ጥያቄዎች በእውነት መልሷል ወይ? ስራውን አያይዟል ወይ? የተሰጠውን አስተያየት ተቀብሎ ምን ቀየረ? ይኸው ነው። ኮፒ ፔስት ወይም ቻትጂፒቲ የጻፈው ከመሰላችሁ ሁለት ደቂቃ አስቀምጣችሁ ስለዚያ ቀን ጠይቁት። እዚያ የነበረ ሰው የአየሩን ጸባይ ሳይቀር ይነግራችኋል።

አሁን ወደ ሶፍትዌሩ

ከሚታወቁት አንዱ ማሃራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ኒውዚላንድ ውስጥ ተጀመረ፣ ስሙም በማኦሪ ቋንቋ «ማሰብ» ማለት ነው። በራሳችሁ ሰርቨር ላይ ይጫናል፣ ሙድል የሚባለው የኦንላይን ትምህርት ሲስተም ካላችሁ ከእሱ ጋር ይያያዛል፣ ተማሪው ለግምገማ ያስገባውን ገጽ መምህሩ እስኪጨርስ ይቆልፈዋል። ቀለል ያለ ከፈለጋችሁ ጉግል ሳይትስ አለ፤ የዩኒቨርሲቲ የጉግል አካውንት ያለው ተማሪ ዛሬውኑ መጀመር ይችላል። ግን ጉግል የድሮውን ሳይትስ ዘግቶ ሰውን ሁሉ ወደ አዲሱ እንዳዛወረ አትርሱ። በሰው ቤት ያለ ነገር መቼም በሰው ቤት ነው።

የቱንም ብትመርጡ በተማሪ ስልክ ፈትኑት። ዲኑ ቢሮ ባለው ላፕቶፕ አይደለም። ስክሪኑ የተሰነጠቀ፣ ሜሞሪው የሞላ አንድሮይድ ፈልጉ፣ በሞባይል ዳታ ክፈቱት፣ ፎቶ ጫኑበት፣ መሀል ላይ ዳታውን አጥፉና መልሳችሁ ክፈቱ። የጻፈው ጠፋ ወይስ አለ? ከጠፋ ያ ሶፍትዌር ለእኛ አይሆንም። ዓይነ ስውር ተማሪዎች አሉ፤ ከመወሰናችሁ በፊት አንድ ሁለቱን ጋብዙና በስክሪን ሪደር፣ ስክሪኑን በድምጽ በሚያነበው ሶፍትዌር፣ ይሞክሩት። ከተገዛ በኋላ መጠየቅ ምንም አይፈይድላቸውም።

ቦታውንም አስሉ። ለ20,000 ተማሪ ለእያንዳንዱ 500 ሜጋባይት ብትሰጡ 10 ቴራባይት ነው፣ ባክአፑ ሲጨመር 20። የስልክ ፎቶ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ሜጋባይት ስለሚሆን ሲጫን በራሱ እንዲያንስ አድርጉ። ቪዲዮ ከሁለት ደቂቃ አይብለጥ። የማስረከቢያ ቀኑንም በኮሌጅ በኮሌጅ አለያዩት፣ የሰኔ 14ቱ ሌሊት እንዳይደገም።

አሁን ትናንሽ የሚመስሉ፣ ግን ሳምንታት የሚበሉ ነገሮች። የተማሪ መታወቂያ ቁጥራችን መሀሉ ላይ ስላሽ (/) አለው። ስላሽ የፋይል ስም ውስጥ አይገባም፣ ብዙ ሲስተምም እንደ መግቢያ ስም አይቀበለውም። ከመጀመሪያው በሰረዝ ተኩትና ለሁሉም አንድ አይነት አድርጉ። ሶፍትዌሩ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፣ እኛ ደግሞ ያለን የአባት ስም ነው፤ አንዱ አባቱን ሌላው አያቱን ይሞላል፣ ከሬጅስትራር ጋር አልገጥም ይላል። ስሙን ተማሪው አይሙላው፣ ከሬጅስትራር በቀጥታ ይምጣ። «ዘሪሁን» በእንግሊዝኛ ስንት አይነት እንደሚጻፍ አስቡት። ቀኑም እንደዚሁ፦ 2016 ሲባል የእኛ ነው የፈረንጅ? ሁሉም ገጽ ላይ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ይጻፍ።

የሰው ገመና

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የዩኒቨርሲቲያችሁ የህግ ክፍል ከመጀመሪያው ስብሰባ ጀምሮ ይገኝ። ከህጉም በላይ ግን ነገሩ የህሊና ነው። የህክምና ተማሪ የታካሚን ቁስል ፎቶ አንስቶ ቢጭን፣ ታካሚዋ ስሟ ባይጻፍም ንቅሳቷ ያሳውቃታል። ፕራክቲከም የወጣ ተማሪ የህጻናቱን ፊት ይለጥፋል፣ ወላጅ ሳይጠየቅ። ኢንተርን የድርጅቱን ዲዛይን እንዳለ ያወጣል። እነዚህን ሦስቱን በስልጠናው ላይ በግልጽ፣ በምሳሌ ተናገሩ።

ሁሉም ገጽ ሲፈጠር ዝግ ይሁን። ከተማሪውና ከመምህሩ ውጪ ማንም አያየው። ለቀጣሪ፣ ለእናቱ፣ ለዓለም የሚከፍተው ባለቤቱ ነው። አመራሩ «ለእንግዶች እናሳይ» ቢል እንኳ ተማሪው ይጠየቅ። ስለ ስህተቱ በእውነት እንዲጽፍ ከፈለጋችሁ፣ ጽሑፉ ያለ ፈቃዱ ስክሪን ላይ እንደማይወጣ ማመን አለበት።

ስልጠናው

አዳራሹን ተዉት። መምህራንን በአስር በአስር ኮምፒውተር ላብ ውስጥ አስቀምጡና የራሳቸውን ፖርትፎሊዮ ይስሩ። የራሱን ስህተት ጽፎ የማያውቅ መምህር የተማሪን አያነብም። ለተማሪዎች ደግሞ ከእያንዳንዱ ሴክሽን ሁለት ረዳት ምረጡ፣ አንዷ ሴት ትሁን። ትንሽ አበል ወይም ሰርተፊኬት ይሰጣቸው። ተማሪ ጥያቄውን አይሲቲ ቢሮ ይዞ አይሄድም፣ ዶርም ውስጥ ያለ ጓደኛውን ነው የሚጠይቀው። ስማርት ስልክ የሌለው አለ፣ ዝም ስለሚል የሌለ ይመስላል። ለእሱ ላቡ ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ክፍት ይሁን፣ ከሴቶች ዶርም የሚወስደው መንገድም መብራት ይኑረው። ይህ ከሶፍትዌር ጋር ምን አገናኘው የሚል ይኖራል። ላቡ ክፍት ሆኖ ሴቶቹ መምጣት ካልቻሉ ለማን ነው የተከፈተው?

ከሁለት ሴሚስተር በኋላ ተማሪዎቹንና መምህራኑን ሰብስባችሁ ምን እንደከበዳቸው ጠይቁ፣ አስተካክሉ፣ ከዚያ ሌላ አራት ትምህርት ክፍል ጨምሩ። ዩኒቨርሲቲውን ለማዳረስ ሦስት አራት ዓመት ይፈጃል። አመራሩ ዘንድሮ ይለቅ ሊላችሁ ይችላል፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክፍሎች ገጽ ከፍታችሁ አስነብቧቸው፣ ከሪፖርት የበለጠ ያስረዳል።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ተማሪው ተመርቆ ሲወጣ የዩኒቨርሲቲው ኢሜይል ይዘጋል፣ ፖርትፎሊዮውም አብሮ። ስለዚህ ክሊራንስ ላይ አንድ መስመር ጨምሩ። ላይብረሪ፣ ዶርም፣ ካፌ እያለ ፊርማ ሲሰበስብ፣ አይሲቲ ጋ ሲደርስ ፖርትፎሊዮውን ሙሉውን አውርዶ ይውሰድ፣ በግል ኢሜይሉም ይላክለት። የሚፈርመው ሰራተኛም ወረቀቱን ከመፈረሙ በፊት «እስቲ በስልክህ ክፈተው» ይበለው። ሲከፈት አይቶ ይፈርም።